ሲሶ፣ 0.35 እና 30 በመቶ፦ ክፍልፋይን፣ አስርዮሽንና መቶኛን የመለዋወጥና የማወዳደር ዝርዝር መመሪያ

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው የጎጃም ምድር ድርሻ በሦስት ዓይነት አነጋገር ይነገራል። መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ ያሳረሰ ሰው የሚደርሰውን ምርት በክፍልፋይ ያስባል፤ የእህል ነጋዴ ከዲጂታል ሚዛኑ ላይ 0.75 ኪሎ ብሎ ያነባል፤ የዩሪያ ከረጢት ደግሞ በውስጡ ስላለው ናይትሮጅን 46 በመቶ ይላል። እያንዳንዱ አነጋገር ለብቻው ሲሆን ግልጽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙና የትኛው እንደሚበልጥ መወሰን ሲያስፈልግ ነው። አንድ የመሬት ባለቤት ከሦስት አራሾች ሦስት ሐሳብ ቢቀርብለት፣ አንዱ ከምርቱ ሲሶውን፣ ሁለተኛው 0.35 የሚሆነውን፣ ሦስተኛው 30 በመቶውን ለመስጠት ቢስማማ፣ የሚሻለውን ለመምረጥ ሦስቱንም ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት ግድ ይሆንበታል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ለሚማሩ ልጆች፣ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስጠኑ ወላጆች፣ እንዲሁም በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን መዝገብ ለሚይዙ ሰዎች ነው። የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። በስልክ ውስጥ ያለውን ካልኩሌተር መጠቀም አይከለከልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ስሌት ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ካልኩሌተሩ የሚሰጠውን መልስ ለመጠራጠርና ለማረጋገጥ ያስችላል።

አንድ መጠን፣ ሦስት አጻጻፍ

በክፍልፋይ ውስጥ ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር ታህት፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ላዕል ይባላል። ታህቱ ሙሉው ነገር በስንት እኩል ክፍሎች እንደተከፈለ ይናገራል፤ ላዕሉ ደግሞ ከእነዚያ ክፍሎች ስንቱ እንደተወሰደ ይናገራል። 3/8 ሲባል ሙሉው በስምንት እኩል ተከፍሎ ሦስቱ ተወስዷል ማለት ነው። «እኩል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ መዘለል የለበትም፤ አንድ እንጀራ ለሁለት ሲቆረስ አንዱ ቁራሽ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ከሆነ ማንኛቸውም ግማሽ አይባሉም።

አስርዮሽ ታህቱ 10፣ 100፣ 1000 ወይም 10 በራሱ ደጋግሞ ሲባዛ የሚገኝ ሌላ ቁጥር የሆነበት ክፍልፋይ ነው፤ ታህቱ ግን አይጻፍም፤ ከነጥቡ በስተቀኝ ያሉት ቤቶች ቁጥር ይነግረናል። አንድ ቤት ካለ አስረኛ፣ ሁለት ካሉ መቶኛ፣ ሦስት ካሉ ሺኛ ነው። በመቶ ተብሎ የሚጻፈውና እዚህ መቶኛ የምንለው ደግሞ ታህቱ ሁልጊዜ 100 የሆነ ክፍልፋይ ነው። እንግዲህ አስርዮሽም ሆነ መቶኛ ከክፍልፋይ የተለዩ ሌሎች ፍጥረቶች አይደሉም፤ ታህታቸው አስቀድሞ የተወሰነላቸው ክፍልፋዮች ናቸው። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የጨበጠ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን ደንቦች ቢረሳ እንኳ ከራሱ አስቦ ሊያወጣቸው ይችላል።

ለዚህ ትምህርት ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ ኩንታልን እመርጣለሁ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ እያንዳንዱ ኪሎ የኩንታሉ አንድ በመቶ ነው። 25 ኪሎ የኩንታል ሩብ ነው፣ 0.25 ኩንታል ነው፣ 25 በመቶ ነው፤ የተለወጠው አነጋገሩ እንጂ እህሉ አይደለም። ብርም 100 ሳንቲም፣ ሜትርም 100 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ በተመሳሳይ መንገድ ያገለግላሉ። በብዙ የጎጃም ወረዳዎች የሄክታር ሩብ ተደርጎ የሚቆጠረው ቃዳም 0.25 ሄክታር ወይም የሄክታር 25 በመቶ ነው።

ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ መለወጥ

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም ክፍልፋይ አይሠራም። ታህቱን በሆነ ሙሉ ቁጥር አባዝተን 10፣ 100 ወይም 1000 ማድረግ የምንችል ከሆነ ላዕሉንም በዚያው ቁጥር እናባዛለን። በ3/4 ውስጥ 4ን በ25 ስናባዛ 100 ይሆናል፤ 3ን በ25 ስናባዛ 75 ይሆናል፤ ስለዚህ 3/4 ከ75/100 ጋር እኩል ነው፣ ይህም 0.75 ተብሎ ይጻፋል። በዚሁ መንገድ 2/5 ወደ 4/10 ተለውጦ 0.4፣ 7/20 ወደ 35/100 ተለውጦ 0.35፣ 9/25 ወደ 36/100 ተለውጦ 0.36 ይሆናል። 11/125ን ስንሠራ 88/1000 እናገኛለን። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች 0.88 ብለው ይጽፋሉ፤ ታህቱ 1000 ስለሆነ ግን ከነጥቡ በስተቀኝ ሦስት ቤቶች ሊኖሩ ይገባል፣ ትክክለኛው 0.088 ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለማንኛውም ክፍልፋይ የሚሠራው ማካፈል ነው። ላዕሉ ተካፋይ፣ ታህቱ አካፋይ ይሆናል፤ ተገላቢጦሽ ማካፈል ትልቁ ስሕተት ነው። አሠራሩን በቃል ከማጥናት ይልቅ እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይሻላል፤ ስለዚህ 3/8ን ሦስት ኩንታል ጤፍ ለስምንት ቤተሰብ እንደማከፋፈል አድርገን እንሥራው።

ሦስት ኩንታል ለስምንት ቤተሰብ አይደርስም፤ ለማንም ሙሉ ኩንታል አይሰጥም። ስለዚህ በመልሱ ላይ 0 ጽፈን ነጥብ እናደርጋለን። አሁን ሦስቱን ኩንታል ፈትተን እያንዳንዱን በአስር ባለ 10 ኪሎ ከረጢት እንሰፍረዋለን፤ 30 ከረጢት ይሆናል። 30 ለ8 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 3 ከረጢት ይደርሳል፣ 6 ከረጢት ይቀራል። ከነጥቡ ቀጥሎ 3 እንጽፋለን። የቀሩት 6 ከረጢቶች 60 ኪሎ ናቸው፤ 60 ለ8 ሲካፈል 7 ኪሎ ይደርሳል፣ 4 ኪሎ ይቀራል። 7 እንጽፋለን። የቀረው 4 ኪሎ በ100 ግራም ሲሰፈር 40 ስፍር ይሆናል፤ 40 ለ8 ሲካፈል 5 ይደርሳል፣ ምንም አይቀርም። 5 እንጽፋለን። መልሱ 0.375 ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ 37 ኪሎ ተኩል፣ ማለትም 0.375 ኩንታል ወስዷል። በደብተር ላይ በቀሪው ጎን ዜሮ የምንጨምረው የቀረውን እህል አስር እጥፍ ወደሚያንስ ስፍር ስለምንፈታው ነው፤ ዜሮው ከየትም የመጣ አይደለም።

አንዳንዱ ክፍልፋይ ግን በዚህ ሥራ አይቆምም። 1/3ን ስናካፍል ሁልጊዜ 3 ይደርሳል፣ ሁልጊዜ 1 ይቀራል፤ 0.333… እያለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። 2/7ን ስናካፍል ቀሪዎቹ በተራ 6፣ 4፣ 5፣ 1፣ 3፣ 2 ይሆናሉ፤ መልሱም 0.285714 ሆኖ እነዚሁ ስድስት አኃዞች እንደገና ከመጀመሪያው ይመጣሉ። መደጋገሙ የግድ ነው፤ በ7 ስናካፍል ዜሮ ካልሆነ ቀሪው ከ1 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች ውጭ ሊሆን ስለማይችል፣ ቢዘገይ ከስድስት እርምጃ በኋላ አንድ ጊዜ የታየ ቀሪ ተመልሶ ይመጣል፣ ከዚያም ሥራው በመጣበት መንገድ ይዞራል።

የትኛው እንደሚቆም፣ የትኛው እንደሚደጋገም ሳያካፍሉ ማወቅ ይቻላል። መጀመሪያ ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው ማቃለል ነው። ከዚያም ታህቱን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 በልጠው ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ ወደማይካፈሉ ቁጥሮች፣ እንበትነዋለን፤ የሚገኙት 2 እና 5 ብቻ ከሆኑ አስርዮሹ ይቆማል፤ 3፣ 7፣ 11 ወይም ሌላ ብቸኛ ቁጥር ካለበት ይደጋገማል። ምክንያቱም 10 ራሱ የ2 እና የ5 ብዜት በመሆኑ ሌላ ብቸኛ ቁጥር የያዘ ታህት በምንም ሙሉ ቁጥር ቢባዛ 10፣ 100 ወይም 1000 ሊሆን አይችልም። 8፣ 20፣ 40፣ 125 የሚቆሙ ታህቶች ናቸው። 6/15 በመጀመሪያ ሲታይ 3 ስላለበት የሚደጋገም ይመስላል፤ ሲቃለል ግን 2/5 ነውና 0.4 ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ማቃለል ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የሚደጋገም አስርዮሽ ስናጠጋጋ ያለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የ17 ኩንታል ሲሶ በትክክል ሲሰላ 566 ኪሎ ከ667 ግራም ያህል ነው። ሲሶን 0.33 አድርጎ ያባዛ ሰው 561 ኪሎ ያገኛል፤ ከአምስት ኪሎ ተኩል በላይ ጠፋ። 0.3 አድርጎ ያባዛ ሰው ደግሞ 510 ኪሎ ብቻ ያገኛል፤ ከግማሽ ኩንታል የሚበልጥ እህል በማጠጋጋት ምክንያት ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። ስለዚህ ሲሶ ሲካፈል በ3 ማካፈል እንጂ በ0.33 ማባዛት አይገባም። የመጠጋጋት ተራ ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው።

አስርዮሽን ወደ ክፍልፋይ መለወጥ

ይህ አቅጣጫ ቀላል ነው። ከነጥቡ በስተቀኝ ያሉትን ቤቶች ቆጥረን ታህቱን 10፣ 100 ወይም 1000 እናደርጋለን፣ ነጥቡን አጥፍተን ቁጥሩን በላዕል ቦታ እንጽፋለን፣ ከዚያም እናቃልላለን። 0.375 ማለት 375/1000 ነው፤ ሁለቱንም ለ125 ስናካፍል 3/8 ይመለሳል። 0.06 ማለት 6/100፣ ሲቃለል 3/50 ነው። 2.4 ማለት ሁለት ሙሉ ከ4/10፣ ሲቃለል ሁለት ሙሉ ከ2/5 ወይም 12/5 ነው።

የሚደጋገም አስርዮሽ የተለየ ዘዴ ይፈልጋል። 0.272727…ን እንውሰድ። የሚደጋገሙት አኃዞች ሁለት ስለሆኑ ቁጥሩን በ100 እናባዛለን፤ 27.272727… ይሆናል። ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ስንቀንስ ከነጥቡ በኋላ ያለው ጅራት እርስ በርሱ ይጠፋፋና 27 ይቀራል። ከመቶ እጥፉ አንዱ እጥፍ ስለተቀነሰ የቀረው 99 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ 27/99፣ ሲቃለል 3/11 ነው። አንድ አኃዝ ብቻ የሚደጋገም ከሆነ በ10፣ ሦስት ከሆኑ በ1000 እናባዛለን።

በመቶ ማድረግና ከመቶኛ መመለስ

አስርዮሽን በመቶ ለማድረግ በ100 ማባዛት፣ ማለትም ነጥቡን ሁለት ቤት ወደ ቀኝ ማሻገር ነው። 0.375 ወደ 37.5 በመቶ፣ 0.06 ወደ 6 በመቶ፣ 1.2 ወደ 120 በመቶ ይለወጣል። ለመመለስ ነጥቡን ሁለት ቤት ወደ ግራ ማሻገር ነው። ስሕተት የሚበዛው ባለ አንድ አኃዝ መቶኛ ላይ ነው፤ 7 በመቶ 0.07 እንጂ 0.7 አይደለም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ግማሽ በመቶ ነው፤ 0.5 በመቶ ማለት 0.005 ነው፣ ከመቶ ኪሎ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ብቻ። 0.5 ሲጻፍ ግማሽ፣ 0.5 በመቶ ሲጻፍ ግን ከሁለት መቶ እኩል ክፍሎች አንዱ መሆኑን ልጆች ኩንታልን እያሰቡ ቢያዩት አይምታታባቸውም።

ክፍልፋይን በመቶ ለማድረግ ላዕሉን በ100 አባዝቶ ለታህቱ ማካፈል በቂ ነው። 5/6 ሲሆን 500 ለ6 ተካፍሎ 83.33 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከመቶኛ ወደ ክፍልፋይ ስንመለስ ቁጥሩን ከ100 በላይ ጽፈን እናቃልላለን፤ ተጨማሪ እውቀት አይጠይቅም። መቶኛው ነጥብ ካለበት መጀመሪያ ነጥቡን ለማጥፋት ሁለቱንም በ10 እናባዛለን፤ 12.5 በመቶ ወደ 125/1000፣ ከዚያም ወደ 1/8 ይወርዳል።

የማዳበሪያ ከረጢት ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው፤ 46/100 ሲቃለል 23/50 ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ የተቃለለው ክፍልፋይ መልሱን በራሱ ይናገራል፦ በ50 ኪሎ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ኤንፒኤስ የሚባለው ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ በፎስፎረስ ኦክሳይድ መልክ የሚለካ 38 በመቶ ፎስፎረስና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲሰላ 9.5፣ 19 እና 3.5 ኪሎ ይሆናሉ። ሦስቱ መቶኛዎች ሲደመሩ 64 በመቶ ስለሚሆኑ የቀረው 36 በመቶ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እንዲህ አይደለም። ንጥረ ነገሮቹ ብቻቸውን በከረጢት አይቀመጡም፤ በዩሪያ ውስጥ ለምሳሌ ናይትሮጅኑ ከካርቦን፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚገኘው።

ከዚህ በታች ያሉትን በቃል መያዝ ሥራን እጅግ ያፈጥናል፤ የቀሩትን ከእነዚህ ማውጣት ይቻላል።

1/2 = 0.5 = 50 በመቶ
1/3 = 0.333… = 33.33 በመቶ ገደማ
1/4 = 0.25 = 25 በመቶ
1/5 = 0.2 = 20 በመቶ
1/8 = 0.125 = 12.5 በመቶ
1/10 = 0.1 = 10 በመቶ
1/20 = 0.05 = 5 በመቶ

3/20ን የጠየቀ ሰው 1/20ን ሦስት ጊዜ ቆጥሮ 15 በመቶ ይላል፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ መጠን ይኸው ነው።

ማወዳደር

ከማናቸውም ስሌት በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ የሚወዳደሩት የአንድ ሙሉ ነገር ክፍሎች ናቸው ወይ? ግማሽ ከሲሶ ይበልጣል፤ የቃዳ ግማሽ ግን ከሄክታር ሲሶ ያንሳል፤ የመጀመሪያው 0.125 ሄክታር፣ ሁለተኛው 0.333 ሄክታር ገደማ ነውና። ሙሉው ሲለያይ ክፍልፋዩን ብቻ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

አስርዮሾችን ስናወዳድር ከግራ ጀምረን ቤት በቤት እንሄዳለን። 0.7 እና 0.65 ሲቀርቡ ብዙ ልጆች 65 ከ7 ስለሚበልጥ 0.65 ይበልጣል ይላሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት አነባበባችን ነው፤ «ዜሮ ነጥብ ስልሳ አምስት» ብለን ስናነብ ጆሮ ስልሳ አምስትን ይሰማል። «ዜሮ ነጥብ ስድስት አምስት» ብለው እንዲያነቡ ከመጀመሪያው ማስለመድ ብዙ ስሕተትን ይከላከላል። በጽሑፍ ደግሞ አጭሩ ላይ ዜሮ ጨምሮ 0.70 እና 0.65 አድርጎ ማስተካከል ነው። በግእዝ አኃዝ ይህ ችግር አይነሣም፤ ፷፭ ሲጻፍ ፷ ስልሳ፣ ፭ አምስት ሆኖ እያንዳንዱ ምልክት ዋጋውን ይዞ ይመጣል፣ ዜሮም የለም። አስርዮሽ ግን ዋጋውን የሚያገኘው ከቦታ ነው፤ በአውሮፓ የሒሳብ ሊቁ ሲሞን ስቴቪን በ1585 (እ.ኤ.አ.) አስርዮሽ ለዕለታዊ ስሌት እንዲውል ጽፎ ሲያስተዋውቅ ዋናው ነገር ይኸው የቦታ ዋጋ ነበር።

ክፍልፋዮች ታህታቸው አንድ ከሆነ ላዕላቸውን ማየት ይበቃል። ላዕላቸው አንድ ከሆነ ደግሞ ታህቱ ያነሰው ይበልጣል፤ 5/8 ከ5/9 ይበልጣል፣ ለስምንት የተከፈለ ቁራሽ ለዘጠኝ ከተከፈለው ስለሚወፍር። ሁለቱም ሲለያዩ ትንሹን የጋራ ብዜት እንፈልጋለን፤ 5/12 እና 7/18 በ36 ሲስተካከሉ 15/36 እና 14/36 ስለሚሆኑ የመጀመሪያው ይበልጣል።

የጋራ ብዜት መፈለግ ሲያስቸግር መስቀለኛ ማባዛት አለ። አንድ ገበሬ ከመዝራቱ በፊት ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲፈትን፣ ካለፈው ዓመት ካስቀመጠው ዘር 40 ፍሬ አኑሮ 34 በቀለለት እንበል፤ ከጎረቤት ካገኘው ደግሞ 25 ፍሬ አኑሮ 22 በቀለለት። 34/40 እና 22/25 የትኛው ይበልጣል? የመጀመሪያውን ላዕል በሁለተኛው ታህት እናባዛለን፤ 34 ጊዜ 25፣ 850 ነው። የሁለተኛውን ላዕል በመጀመሪያው ታህት እናባዛለን፤ 22 ጊዜ 40፣ 880 ነው። ውጤቱ የሚቆጠረው ላዕሉ ለመጣበት ክፍልፋይ ነው፤ ስለዚህ 22/25 ይበልጣል። ዘዴው የሚሠራው ሁለቱንም ክፍልፋዮች ሳንጽፈው ወደ አንድ ታህት ስላመጣናቸው ነው፤ 40 ጊዜ 25፣ 1000 ነውና በእርግጥ ያወዳደርነው 850/1000ን ከ880/1000 ጋር ነው። በመቶ ሲነገር 85 እና 88 መሆኑ ነው።

ነገር ግን ስሌቱ ትክክል መሆኑ ብቻ ጎረቤት የሰጠው ዘር እንዲመረጥ አያደርግም። በ25 ፍሬ ሙከራ ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬ 4 በመቶ ይመዝናል። ከ22ቱ አንዱ ሳይበቅል ቢቀር 21/25 ወይም 84 በመቶ ይሆንና አሸናፊው ይለወጣል። የሦስት በመቶ ልዩነት ከአንድ ፍሬ ዕድል ያነሰ ነው ማለት ነው። መቶኛ ትንሽ ቆጠራን ትልቅ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ መቶኛ በሰማን ቁጥር ከስንት ውስጥ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። እዚህ ላይ የሚሻለው ከሁለቱም 100 ፍሬ ቆጥሮ መፈተን ነው፤ ያኔ የበቀለው ቁጥር ራሱ በመቶ ይሆናል።

ሳያሰሉ የሚወዳደሩም አሉ። ከግማሽ ጋር ማነጻጸር አንዱ ነው፤ የ9 ግማሽ 4.5 ስለሆነ 4/9 ከግማሽ ያንሳል፣ የ8 ግማሽ 4 ስለሆነ 5/8 ከግማሽ ይበልጣል፤ ሌላ ሥራ ሳያስፈልግ 5/8 በልጧል። በደብረ ማርቆስ በኩል ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 565 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንና ደብረ ማርቆስ 300ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝ፣ የ565 ግማሽ 282.5 በመሆኑ መንገደኛው ማርቆስ ሲደርስ ከግማሽ አልፏል። ሁለቱም ለአንድ ሙሉ የቀረቡ ሲሆኑ ደግሞ የጎደለውን ማየት ነው፤ 7/8 አንድ ስምንተኛ፣ 8/9 አንድ ዘጠነኛ ይጎድላቸዋል፤ የጎደለው ያነሰው 8/9 ይበልጣል።

የተቀላቀሉ አጻጻፎች ሲመጡ ሁሉንም ወደ አንድ ማምጣት ነው። የትኛውን እንምረጥ ለሚለው የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ለማወዳደር በመቶ ወይም አስርዮሽ፣ ለማካፈል ክፍልፋይ። በመግቢያው ላይ የነበሩት ሦስት ሐሳቦች በመቶ ሲደረጉ ሲሶ 33.33 ገደማ፣ 0.35 ደግሞ 35፣ ሦስተኛው 30 ይሆናሉ፤ ለባለ መሬቱ የሚሻለው 0.35 ነው፣ ሲሶ ይከተላል። የተቀራረቡ ሲሆኑ አንድ ተጨማሪ ቤት ማስላት ያስፈልጋል። 5/8፣ 0.6፣ 61 በመቶና 7/11ን እንደርድር፦ 62.5፣ 60፣ 61 እና 63.6 ስለሚሆኑ ከትንሽ ወደ ትልቅ 0.6፣ 61 በመቶ፣ 5/8፣ 7/11 ይሆናል።

የምን መቶኛ?

ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ አሟልቶ የሚሠራ ሰው እንኳ በአንድ ቦታ ይወድቃል፤ የመቶኛው መሠረት የተለወጠ መሆኑን ሳያይ። የ1,000 ብር ዕቃ 20 በመቶ ሲጨምር 1,200 ብር ይሆናል። ቆይቶ 20 በመቶ ቢቀንስ ወደ 1,000 አይመለስም፤ የሁለተኛው 20 በመቶ መሠረት 1,200 ስለሆነ የሚቀነሰው 240 ነው፣ ዋጋው 960 ላይ ይቆማል። ታክስ ተጨምሮበት 1,150 ብር የተከፈለበት ደረሰኝም እንደዚሁ ነው፤ ታክሱ የ1,150 15 በመቶ አይደለም፣ የ1,000 ነው። ወደኋላ ለመመለስ 1,150ን ለ1.15 ማካፈል ነው።

በቡሬና በወምበርማ አካባቢ በቆሎ ለሚያመርቱና ለሚገዙ ሰዎች ደግሞ የእርጥበት ስሌት አለ። 20 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ በፀሐይ ተሰጥቶ እርጥበቱ 13 በመቶ ሲደርስ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ፈጥኖ የሚመጣው መልስ 93 ነው፤ 20 ሲቀነስ 13፣ 7 ነውና። መልሱ ግን 93 አይደለም። ደረጃ በደረጃ እንየው። በመጀመሪያው ኩንታል ውስጥ 20 ኪሎ ውኃ፣ 80 ኪሎ ደረቅ እህል አለ። ፀሐይ የሚወስደው ውኃውን ብቻ ነው፤ 80 ኪሎው እንዳለ ይቆያል። እርጥበቱ 13 በመቶ ከሆነ በኋላ ደረቁ ክፍል የአዲሱ ክብደት 87 በመቶ ነው። ስለዚህ የማናውቀው አዲስ ክብደት 0.87 እጁ 80 ኪሎ ነው፤ 80ን ለ0.87 ስናካፍል 91.95 ኪሎ ገደማ እናገኛለን። የጠፋው 7 ሳይሆን ከ8 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለማረጋገጥ የ91.95ን 13 በመቶ እናስላ፤ 11.95 ይሆናል፣ ሲቀነስ 80 ይቀራል። ልዩነቱ የመጣው 20 በመቶው የ100 ኪሎ፣ 13 በመቶው ግን የ91.95 ኪሎ በመሆኑ ነው። በአንድ ኩንታል አንድ ኪሎ ቢመስልም በመቶ ኩንታል አንድ ኩንታል ነው።

መለማመጃ

መልሶቹን ከማየት በፊት በደብተር ይሠሩ። አንደኛ፣ 7/16 በአስርዮሽና በመቶ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ 0.048 በተቃለለ ክፍልፋይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ 3/7፣ 0.43፣ 42 በመቶና 5/12 ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩ። አራተኛ፣ አንዲት ተማሪ በሦስት ፈተናዎች 17 ከ20፣ 24 ከ30 እና 41 ከ50 አገኘች፤ በየትኛው በለጠች፣ ጠቅላላ ውጤቷስ ስንት በመቶ ነው?

የመጀመሪያው 0.4375 ወይም 43.75 በመቶ ነው። ሁለተኛው 48/1000 ለ8 ተካፍሎ 6/125 ነው። በሦስተኛው 3/7 42.86 ገደማ፣ 5/12 ደግሞ 41.67 ገደማ በመቶ ስለሆኑ ቅደም ተከተሉ 5/12፣ 42 በመቶ፣ 3/7፣ 0.43 ነው። በአራተኛው ውጤቶቹ 85፣ 80 እና 82 በመቶ ስለሆኑ በመጀመሪያው ፈተና በልጣለች። ጠቅላላውን ለማግኘት ሦስቱን መቶኛዎች ደምሮ ለሦስት ማካፈል 82.33 ይሰጣል፤ ይህ ግን ከ20 የታረመውን ፈተና ከ50 ከታረመው እኩል ስለሚመዝን ያገኘችውን ነጥብ ሁሉ በትክክል አያሳይም። ያገኘቻቸው ነጥቦች ድምር 82፣ ሊገኝ የሚችለው ድምር 100 ነው፤ ጠቅላላ ውጤቷ 82 በመቶ ነው።